አሥራ ዘጠኙ የማሊዋን አረንጓዴዎች

አክስት ማሊዋን በየማለዳው አንድ የካናቢስ ቅጠል ታኝካለች አሉ። አኝካ ትንሽ ስትቆይ ዓይኗ ይቀላል፣ የቦታው ቆሌ ይወርድባታል፣ ከዚያ የትኛው ተክል ምን እንደራበው አንድ በአንድ ይዘከዝክላታል አሉ። ይህን ወሬ ያልሰማ ሰው ካለ የኖንግ ታኪያን መንደር ሰው አይደለም። ወሬው ሱሪን ከተማ ድረስ ዘልቆ፣ አንድ ሰውዬ በሞተር ብስክሌት መጥቶ የሎተሪ ቁጥር ካልነገረችኝ አልሄድም ብሎ የካናቢስ አብቃዮቹ ማኅበር በር ላይ ግማሽ ቀን ተጎልቶ ውሏል። እሷም እንዲሄድላት የጫማ ቁጥሯን ነገረችው። ደረሰው ይባላል፤ እሱ ግን ሌላ ወሬ ነው።

እውነቱ ይኸውና። ማሊዋን ስድሳ ሦስት ዓመት እስኪሆናት ያንን ቅጠል አኝካም አጭሳም አታውቅም። ሽታው ራሱ አናቷን ይፈልጣታል። ስለዚህ ወደ ተክሎቹ ክፍል የምትገባው የሜንቶል ማሽተቻዋን ግራ አፍንጫዋ ውስጥ ሰክታ ነው፤ እጆቿ ሥራ ላይ ስለሆኑ እዚያው ተሰክቶ ይውላል። ዓይኗን የሚያቀላው ተክሎቹ የሚያድጉበት ሐምራዊ መብራት ነው። ቅጠል ቆርጣ ወደ ደጅ የምትሮጠውም በቀን ብርሃን ልታየው እንጂ ልታኝከው አይደለም። ወሬውን የጀመረችው አበባ ከርካሚዋ ፒኩን ናት። እሷም ብትሆን በክፋት አይደለም፤ ከጠዋት እስከ ማታ መቀስ ይዛ የምትቀመጥ ሴት አፏን ምን ታድርገው?

ማሊዋን አልተቆጣችም። ወሬ ሲደርሳት «ማን አለ?» ብላ አትጠይቅም። «መጀመሪያ የት ተባለ?» ነው የምትለው። መነሻውን ካገኘች ቀሪውን ራሷ ትደርስበታለች። ቅጠልንም የምታነበው እንደዚሁ ነው።

ከዚህ ሥራ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት የሐር ክር ነክራለች። አረንጓዴ ደግሞ የነካሪ ፈተና ነው። ከአንድ ማሰሮ አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣ ክር የለም፤ መጀመሪያ ሰማያዊ ይነከራል፣ ከዚያ በዛፍ ልጥ ቢጫ ይደረብበታል። ቢጫው ትንሽ ከበዛ ሌላ አረንጓዴ ነው፣ ካነሰም ሌላ። ሌላው ሰው አረንጓዴ ብሎ የሚያልፈውን ማሊዋን ለሁለት ከፍላ ታየዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓይነት አረንጓዴ ታወጣ ነበር፤ ሁሉም ስም አላቸው። የእንቁራሪት ሆድ አለ፣ የበቀቀን ጀርባ አለ፣ የወታደር አሮጌ ሸሚዝ አለ፣ ሊቀላ ያሰበ በርበሬ አለ። አንዱን «የአማቴ ፊት» ትለዋለች፤ እሱ ያለው ማሰሮ አጠገብ ስትሆን አማቷ የቆመች ይመስል ድምፅ አታሰማም ነበር።

ከዚያ በፋብሪካ የተነከረ ክር በካርቶን እየታሸገ መጣ፣ ማሰሮዎቿም ደረቁ። ከእያንዳንዱ አረንጓዴ ጣት የምታህል ልቃቂት አስቀርታ በአንድ የቁልፍ ቀለበት ላይ አሰረቻቸው። መንደሩ ማኅበር አቋቁሞ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ ለሆስፒታል መድኃኒት የሚሆን ካናቢስ ያለ አፈር በውሃ ብቻ ማብቀል ሲጀምር ማሊዋን ወለል ወልዋይ ሆና ገባች። ቀለበቱም ወገቧ ላይ አብሯት ገባ።

አንድ ቀን የማኅበሩ የእርሻ ባለሙያ ቲራፓት፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የመጣው ቀጭኑ ሰው፣ ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ ከአንድ ቅጠል ጋር እያስተያየ ግንባሩን ሲያሽ አየችው።

«መምህር፣» አለችው መወልወያዋን ተደግፋ፣ «ያንን ቅጠል እስቲ ደጅ አውጥተህ እየው።»

«ለምን አክስቴ?»

«እዚህ ውስጥ ሁሉም ነገር ሐምራዊ ነዋ! አንተ ራስህ እኮ ቀይ ሥር መስለሃል።»

ደጅ ወጡ። ማሊዋን ቀለበቷን ፈትታ ቅጠሉን ከልቃቂቶቹ ጋር አንድ በአንድ አስጠጋችው።

«ሰኞ ዕለት ይኼ የበቀቀን ጀርባ ነበር። አሁን ሰማያዊው እየሸሸ ነው። የት ነው የጀመረው? ከላይ ነው ከታች?»

«ከታች።»

«እንግዲያው አሮጌዎቹ ከአፋቸው እየነጠቁ ለእንቡጦቹ እያጎረሱ ነው። ምግብ አንሷቸዋል።»

ቲራፓት ገብቶ ውሃውን ለካ። ናይትሮጅኑ አንሶ ነበር። ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ እስኪመስል ቢጠብቅ ኖሮ ገና አራት ቀን ይቀረው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መወልወያው ጥግ ያዘ፣ ማሊዋን ቅጠል አንባቢ ሆነች። ደሞዟም ትንሽ ከፍ አለ፤ አንገቷ ግን ከደሞዟ የበለጠ ከፍ ብሏል። ገበያ ስትወጣ እንኳ የሰው ሰላጣ እያገላበጠች «ይኼ ብረት ይፈልጋል» ትላለች። ሰላጣ ሻጮቹ አይወዷትም።

ፒኩን ምስጢሩን ንገሪኝ ብላ ስትነዘንዛት እንዲህ አለቻት፦ «አሮጌው ቅጠል ያለውን ለልጆቹ መስጠት የሚችል ከሆነ ራሱ ይገረጣል፤ ችግሩ ከታች ይጀምራል። አንዳንድ ምግብ ግን አለ፣ እንደ ብረት ያለ፣ አሮጌው አንዴ ከዋጠው አይመልሰውም። ያኔ የሚገረጡት ከላይ ያሉት ልጆች ናቸው።»

«ልክ እንደ ባሌ ቤተሰቦች!» አለች ፒኩን፣ መቀሷን ሳታቆም።

ነገር የመጣው በክፍል ሦስት ነው። ዘጠና ስድስት ተክል አለበት፣ ለአጨዳ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። የታችኞቹ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ እንደሆነ መሀል መሀላቸው ገረጣ። ማሊዋን አየች፣ ልቃቂቶቿን አስጠጋች፣ «ማግኒዚየም ነው የራባቸው» አለች። ቲራፓት ጨመረ። በሦስተኛው ቀን ግርጣቱ አንድ እርከን ወደ ላይ ወጣ። አሁንም ጨመረ፤ የቅጠሎቹ ጫፍ ይቃጠል ጀመር። ውሃውን ለምርመራ ልኮ ወረቀቱ ሲመለስ፣ ተክሎቹ ምግባቸውን የሚጠጡበት በርሜል ውስጥ ማግኒዚየም ሞልቶ ተርፏል።

«አክስቴ፣ አይቀየሙኝና፣» አላት ወረቀቱን እያጠፈ፣ «ምናልባት ዓይንዎ...»

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«ምንም፣ ማለቴ...»

«ቅጠሉ ርቦኛል ይላል። ወረቀትህ ደግሞ ምግቡ ድስት ውስጥ አለ ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ከድስቱ እስከ አፍ ባለው መንገድ ላይ የቆመ አለ።»

በማግሥቱ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሳምኒያንግ መጣች። ሳምኒያንግ ደግ ናት፣ ግን ስሟ እንዳይጎድፍ የምትጠነቀቅ ሴት ናት። ለቀብርም ለሠርግም የምትሄደው ፀጉሯን አስተካክላ ነው፣ መጥፎ ዜና ለመንገርም እንደዚያው።

«እትዬ ማሊዋን፣ አርብ ሳምንት የሆስፒታሉ ሰዎች ይመጣሉ። ክፍል ሦስትን እንዲህ ሆኖ ካዩት ያስቆርጡታል።»

«አውቃለሁ።»

«ቅጠል የሚያይ ካሜራ የሚሸጥ ሰው ጠርቻለሁ። እሱም አርብ ይመጣል። እስከዚያ ነገሩ ካልተስተካከለ...» ዓይኗን ወደ ጥግ ወረወረች። መወልወያው እዚያው ቆሟል።

ማሊዋን ያንን መወልወያ አትንቀውም፤ ሁለት ዓመት አብልቷታል። ነገር ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የተማረችው ዓይኗ አንድ ጊዜ በካርቶን ክር ተሸንፏል። ሁለተኛ ጊዜ በካሜራ እንዲሸነፍ አልፈለገችም። ያን ዕለት ቤቷ ገብታ የሚጣበቀውን ሩዟን በተቦካ ዓሣ እያጠቀሰች ስትበላ ለራሷ የጠየቀችው ያንኑ ነው፦ የት ነው የጀመረው?

ረቡዕ ጠዋት በርሜሉ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጣ ተቀመጠች። ተክሎቹን ትታ በርሜሉን ማየት ያዘች። ፒኩን በበሩ ስታልፍ «ዛሬ ደግሞ በርሜል ነው የምታነቢው?» አለቻት።

በርሜሉ ጎን ላይ ውሃው ሲኮመጥጥ እየጠበቀች ማስተካከያ የምታንጠባጥብ ትንሽ ማሽን አለች። የማስተካከያው ጠርሙስ ባዶ ነበር።

«መምህር፣ ይቺ መቼ ነው የተሞላችው?»

ቲራፓት መጥቶ አየ። «ቅዳሜ።»

«ክፍል አንድና ሁለት ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ወር... ከወርም በላይ። ግን አክስቴ፣ ውሃው ደህና ነው። ማሽኑ ላይ ያለው የኮምጣጣነት ቁጥር ሁልጊዜ አምስት ነጥብ ስምንት ነው፣ ልክ መሆን ያለበት።»

«አንተ ከመምጣትህ በፊት እሷ አስተካክላ ትጠብቅሃላ! የፒኩን ቤት እንግዳ ሲመጣ እንደሚጸዳው። ይኼ ፈሳሽ ከምንድነው የሚሠራው?»

«ከፖታሲየም...» አለና ወደ ጠርሙሱ ዞረ። አፉ ትንሽ እንደተከፈተ ቀረ። «ፖታሲየም ሲበዛ ማግኒዚየምን ሥሩ ጋ አያስደርሰውም» አለ ቀስ ብሎ። «ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኛል እኮ!»

«ሠርግ ቤት በር ላይ እንደሚጋፋው ሰው በለኛ። ታዲያ ውሃውን ማን ነው እንዲህ የሚያኮመጥጠው?»

ይህን ቲራፓት አላወቀም። የበርሜሉን ክዳን አንስተው ሥሮቹን ሲያወጡ፣ እንደ ሩዝ ኑድል ነጭ መሆን የነበረባቸው ቡናማ ሆነው ልጋግ ይዘዋል። ማሊዋን ግን ሥሩን ብዙም አላየችም። ዓይኗ አንድ ሌላ ነገር ላይ አርፎ ነበር፤ ከግድግዳው ስንጥቅ የወጣ የጉንዳን ሰልፍ ወለሉን አቋርጦ፣ በበርሜሉ ጎን ሽቅብ ወጥቶ፣ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ደርሶ ተሰብስቧል። ማዳበሪያ የሚወድ ጉንዳን አታውቅም። ጣቷን ጠርዙ ላይ አሳረፈች፤ ተጣበቀባት። አፍንጫዋ ውስጥ ሜንቶል ስላለ አልሸተታትም፣ ስለዚህ ላሰችው።

«ላሰች!» የሚል ጩኸት ከበሩ መጣ። ፒኩን ናት። «ኧረ ሰዎች! አክስት ማሊዋን ላሰች! አላልኳችሁም?»

ማሊዋን ምላሷን አጣጣመች። ቀይ ለስላሳ ነው። ያ እንጆሪ ነኝ የሚለው፣ እንጆሪ አይቶት የማያውቀው። በኖንግ ታኪያን ደግሞ ቀይ ለስላሳ ለራሱ የሚገዛ ሰው የለም። ቀይ ለስላሳ የቆሌው ነው፤ ከነስትሮው ትንሿ ቤቱ ፊት ይቀርብለታል።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ከማዳበሪያ ጆንያዎቹ ኋላ ተቀምጣ ጠበቀች። ልክ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ፀጉሯን አስተካክላ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ሊቀመንበር ሳምኒያንግ ገባች። በርሜሉ ፊት ተንበረከከች፣ መዳፎቿን አጋጥማ ግንባሯ ላይ አደረገች፣ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አንድ ጠርሙስ ቀይ ለስላሳ እስከ መጨረሻው ጠብታ አንቆረቆረች። ጠርዙ ላይ የፈሰሰውን በመሀረብ ልትጠርግ ጎንበስ ስትል ማሊዋን ከኋላ «ስትሮውንስ ረሳሽው?» አለቻት።

ሳምኒያንግ ጠርሙሱን ልትጥለው ምንም አልቀራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቆሌው ትንሽ ቤት ድሮ የነበረችው አሁን ክፍል ሦስት የቆመበት ቦታ ላይ ነው። ግንባታው ሲመጣ አጥሩ ጥግ፣ ሽንት ቤቱ ጀርባ ወሰዷት። ያንን የወሰነችው ሳምኒያንግ ናት። ከወር በፊት በሕልሟ ቆሌው መጥቶ «ከሽንት ቤት ጀርባ አልጠጣም» አላት። ቤቷን እንደገና ላዛውር ብትል ሰው ይስቅባታል፤ ዝም ብትል ቆሌው ይቆጣል። ስለዚህ ቆሌው ወደ ድሮ ቦታው ተመልሶ በርሜሉ ውስጥ ነው የሚኖረው ብላ ደመደመችና በየማለዳው እዚያው ታጠጣው ጀመር።

«ታዲያ ተክሎቹ ሲገረጡ አላሰብሽም?» አለቻት ማሊዋን።

«አሰብኩ እንጂ። ሁለት ጠርሙስ አደረግኩት።»

ማሊዋን አፏን በእጇ ያዘች፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳምኒያንግ አልሳቀችም።

«እትዬ፣ ለማንም አትንገሪብኝ። እለምንሻለሁ። ለፒኩን ደግሞ በተለይ።»

«እኔ የማነበው ቅጠል ነው» አለች ማሊዋን ማሽተቻዋን እያስተካከለች። «ሂጂ፣ ቆሌውን በመስታወት ብርጭቆ አጠጪው። ቤቱንም ከዚያ ሽታ አውጪው፣ እውነቱን ነው።»

የዚያኑ ዕለት ውሃው ተደፋ፣ በርሜሉ ተፋቀ፣ ሥሮቹ ታጠቡ፣ ማስተካከያው ፈሳሽ ተቀነሰ። ቲራፓት ምክንያቱን ሲጠይቃት «ጣፋጭ ነገር ገብቶበት ሲቦካ ነበር፣ ከእንግዲህ አይገባም» ብቻ አለችው። የገረጣ ቅጠል ተመልሶ እንደማያምር ታውቃለች፤ ስለዚህ አዲስ የሚወጡትን ነበር የምትጠብቀው። በየማለዳው ከላይ ሦስተኛውን ቅጠል ደጅ አውጥታ ከልቃቂቶቿ ጋር ታስጠጋዋለች። እሑድ ዕለት የእንቁራሪት ሆድ ነበር። ማክሰኞ ትንሽ ጠቆረ። ሐሙስ ላይ የበቀቀን ጀርባ ሆኖ ቁጭ አለ። ማሊዋን ደጁ ላይ ቆማ ለብቻዋ ሳቀች፤ ያቺን ዕለት ማንም ቢያያት አኝካለች ይል ነበር።

አርብ መጣ። ከሆስፒታሉ መነጽር ያደረገች ፋርማሲስት መጣች። ካሜራ ሻጩ ኮምሳንም የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ካሜራውን ክፍል ሦስት ውስጥ ተክሎ አንድ የታችኛ ቅጠል ላይ አነጣጠረ። ካሜራው ትንሽ አሰበና ማያው ላይ ጻፈ፦ ማግኒዚየም ጎድሏል፣ ማግኒዚየም ይጨመር።

ቲራፓት ሳል የመሰለ ሳቅ አመለጠው። «እሱን አክስቴ ከሃያ ቀን በፊት ብለውታል። እኛም ጨምረን ልንገድላቸው ነበር።»

ፋርማሲስቷ አዲሶቹን ቅጠሎች አገላብጣ አየች፣ አዲስ የወጡትን ነጫጭ ሥሮች አየች። «ተክሉ እያገገመ ነው። ግን ምክንያቱን ካላወቅሁ መፈረም አልችልም። ውሃውን ያኮመጠጠው ምንድን ነው?» አለችና ወደ ማሊዋን ዞረች።

ማሊዋን ከኋላዋ የሳምኒያንግን ትንፋሽ ትሰማለች። ጥጉ ላይ መወልወያውን ታያለች። የምታውቀውን ብትናገር ክፍሉ የእሷ ነው። ፒኩንም መቀሷን አቁማለች፤ ይኼ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

«የገባው ነገር ወጥቷል» አለች ማሊዋን። «ድጋሚ አይገባም።»

«ይኸው!» አለ ኮምሳን እጁን ዘርግቶ። «እማማ ደክመዋል፣ ግን ምክንያቱን አያውቁትም። በግምት ነው። በግምት ደግሞ መድኃኒት አይመረትም።»

ማሊዋን ጆሮዋ ድረስ ጋለች። አፏን ግን አልከፈተችም።

«ታውቀዋለች» አለች ሳምኒያንግ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «እኔ ነኝ። ቀይ ለስላሳ ነው። በየቀኑ እኔ ነኝ ያጠጣሁት።»

«ማንን?» አለች ፋርማሲስቷ።

«ቆሌውን።»

ፒኩን በሳቅ ፈነዳች፣ ቲራፓት ተከተለ፣ ፋርማሲስቷም እስክሪብቶዋን ነክሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሳምኒያንግ ሳቁ እስኪያልቅ ፀጉሯን እያስተካከለች ቆመች። ቀና ብላ ስትቆም ሊቀመንበር ትመስል ነበር፤ ያን ቀን ከምንጊዜውም በላይ።

«እሷ ካወቀችው ዘጠኝ ቀኗ ነው፣ ለማንም አልተነፈሰችም» አለች። «በኖንግ ታኪያን ዘጠኝ ቀን! ከእንግዲህ እትዬ ማሊዋን ከዚህ ክፍል አትነሳም። ቆሌውም ከበርሜሉ ይወጣል፣ ቤቱ ነገ በፊት ለፊት በር ይቆማል። ለዚያ መወልወያ ሌላ ሰው እንቀጥራለን።»

ፋርማሲስቷ ፈረመች። ምክንያቱ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ምን ብላ እንደሞላችው ፒኩን ብዙ ጥራ ነበር፤ አልተሳካላትም።

ኮምሳን ሽቦውን መጠቅለል ጀምሮ ነበር፣ ግን ሻጭ ነውና ባዶ እጁን መውጣት አልሆንለት አለ። «ሊቀመንበር፣ እማማን አከብራለሁ» አለ። «ቢሆንም ያስቡበት። የሰው ዓይን ይደክማል፣ ያረጃል። ይቺ ካሜራ አሥራ ስድስት ሚሊዮን ቀለም ትለያለች። አሥራ ስድስት ሚሊዮን!»

ማሊዋን ቀለበቷን ከወገቧ ፈታች። ልቃቂቶቹን በጣቶቿ አንድ ጊዜ አሳለፈቻቸው፣ አሥራ ዘጠኙንም፤ የአማቷ ፊት ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆመች። ካሜራዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ከዚያ ሰውዬውን።

«ስንቶቹን በስማቸው ትጠራቸዋለች?»